አንድ ባልዲ እርሾ

ተቀምጦ መጻፍ አልሆነልኝም። ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ እስከ በረንዳው ደርሼ እመለሳለሁ፣ አንድ መስመር እጨምርና ደግሞ እነሣለሁ። ልጆቼ እርጅና ነው ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፤ በሃያ ስምንት ዓመቴም እንዲሁ ነበርኩ። እንዲያውም ያን ጊዜ ጉልበት ስለነበረኝ መቁነጥነጤ ሥራ ይፈጥር ነበር። ከፈጠራቸው ሥራዎች ሁሉ የከፋውን ልናገር ነው፤ አፍንጫ ያለው አንባቢ ይታገሠኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ድሬዳዋ ላይ በባቡሩ ንድፍ ክፍል እርሳስና ማስመሪያ ይዤ ተቀጥሬ፣ ከዚራ በሚባለው የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ቤት ተሰጠኝ። ሽንት ቤት ማለት ከቤት ራቅ ተብሎ የሚኬድበት ነገር ነው ብዬ ያደግሁ የደጋ ሰው፣ ሰንሰለት ሲስቡት ውሃ የሚለቅ ነጭ መቀመጫ ያለበት ቤት ገባሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰንሰለቱን ስቤ አሳያለሁ። እንግዳው ያደንቃል፤ እኔም ውሃውን ራሴ የፈለሰፍኩት ይመስል ዝም ብዬ አቀረቅራለሁ። የት እንደሚሄድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። የሄደ ሄደ ነው።

የሚሄደው ግን ሩቅ አልነበረም። ከጓሮ፣ ከፓፓያዋ ሥር፣ ሁለት ክፍል ያለው የሲሚንቶ ጉድጓድ አለ። ከቤት የወጣው ሁሉ መጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ይንሳፈፋል፣ መሐል ያለው ውሃ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያልፍና ከዚያ አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል። በየጥቂት ዓመቱ ዝቃጩ በፓምፕ መመጠጥ አለበት። ይህን ሁሉ የተማርኩት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አንድ ክፉ ሽታ ወደ በረንዳችን እንደሚመጣ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ነው፤ ሽታው በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወደ መኝታ ቤት ትገባለች።

ከየት እንደሚመጣ ሳልመረምር ፈረድኩ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤቴ ባቡር ነጂ ነው፤ የከተማው ልጅ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሰው። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይዘው ሲቀመጡ ሳቃቸው አጥር ይሻገራል። ፍየሎችም አሉት። ከሁሉ የባሰው ግን፣ በተዋወቅን በመጀመሪያው ቀን ‘አንተ’ አለኝ። የድሬ ሰው ሹሙንም ለማኙንም ‘አንተ’ እንደሚል ገና አልገባኝም ነበር። ይህ ሰው እኔን ከናቀ ጉድጓዱንም ንቆታል ማለት ነው፣ ብዬ ደመደምኩ። ንድፍ ክፍል ውስጥ የተመሰገንኩት በቁም ጽሕፈቴ ነበርና ለሠራተኛ ቤቶች ሹም አንድ ያማረ ማመልከቻ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ሹሙ መጣጩን ላከው። መጣጭ የሚባለው የጀልዴሳ ሰው ነው፤ ቀጭን ሽማግሌ፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ በበቅሎ በሚጎተት ጋሪ ላይ በርሜሎችና ረጅም እጀታ ያለው የብረት ፓምፕ ጭኖ፣ ፓምፑን አብሮት የሚገፋ አንድ ጎረምሳ ባልደረባ አስከትሎ የሚዞር። ከጋሪው ላይ ነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለበት ረጅም እንጨት አወረደና ወደ ጎረቤቴ ጓሮ ገባ። እኔ በአጥሩ ላይ እያየሁ ነው፤ ባቡር ነጂውም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። መጣጩ ክዳኑን አነሣ፣ እንጨቱን እስከ ታች ሰደደ፣ ቀስ ብሎ አወጣና አቡጀዲው ላይ ጥቁሩ የት እንደደረሰ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ጉድጓዱ አፍ አስጠጋ።

“ይሄ ደህና ነው” አለ። “ሥራውን ይሠራል።”

ክዳኑን መለሰ። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ አየሩን ሳበ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ አጥሩን ዞረ፣ በእኔ በር ገባ፣ እየሳበ እየሳበ ፓፓያዋ ሥር ደረሰ። የእኔን ክዳን ሲያነሣ የሆነውን አልጽፈውም። እንጨቱን መስደድ እንኳን አላስፈለገውም። ባቡር ነጂው ከአጥሩ ወዲያ የራሱን ክዳን በእግሩ አስተካክሎ ወደ ፍየሎቹ ሄደ። ሰድቦኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ከከዚራ ጉድጓዶች ሁሉ የጸዳው ጉድጓድ የእኔ እንዲሆን ወሰንኩ።

በማግስቱ መጣጩና ባልደረባው ፓምፑን አቁመው ጠዋቱን ሙሉ ሲገፉ ዋሉ። ያ የብረት እጀታ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይላል። በርሜል ሞልተው ይሄዳሉ፣ ደፍተው ይመለሳሉ። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ቱቦውን ሳብ አድርጎ አወጣ።

“ገና አልጨረስክም” አልኩት።

“አንድ ስንዝር ይቀራል። እሱ ይቀመጣል።”

እኔ ሜትሬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ በዚያን ጊዜ ያለ ሜትር ሽንት ቤት እንኳን አልሄድም ነበር። ሰውዬው ደክሞት ሰበብ አመጣ አልኩ በልቤ። ስንዝር የሚባል መለኪያ ንድፍ ክፍል እንደማያውቅ ነገርኩት። እስከ ሲሚንቶው ድረስ ይወጣል፣ ከዚያም በብሩሽ ይታጠባል አልኩ። ሽማግሌው አየኝ፣ ትከሻውን ነቀነቀና ቱቦውን መልሶ ሰደደ። ብሩሹን ግን እምቢ አለ፤ ሞኝነት ላይ እጁን እንደማያስገባ በሦስት ቋንቋ ነገረኝ።

ስለዚህ ሁለት ቀን ክዳኑን ከፍቼ አየር እንዲገባው አድርጌ፣ በሦስተኛው ቀን መሰላል አስገብቼ ራሴ ወረድኩ። ክረሊን የሚባለው የሽታ መድኃኒት በጣሳ፣ ኖራ በባልዲ፣ የፈረስ ማበጠሪያ የሚያህል ብሩሽ በእጄ። ባለቤቴ ሆዷን ደግፋ በመስኮት እያየችኝ ነው። የቆጠርኩትን ትምህርት ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ይዤ ገብቼ ሲሚንቶውን እንደ ሸክላ ሳህን አነጣሁት። ስወጣ ከአጥሩ በላይ የባቡር ነጂው ራስ አለ።

“መርሐባ” አለኝ፤ እንኳን ደህና መጣህ ማለቱ ነው። ሌላ የለም።

ከዚያ በኋላ ሽታ ዳግመኛ እንዳይደርስብኝ በየጠዋቱ አንድ ኩባያ ክረሊን በመቀመጫው እጨምር ጀመር። ልጁ በሰላም ተወለደ፤ ወንድ ነው። አርባ ቀን ሲሞላው ክርስትና ይነሣል፣ ድግሱም በዚሁ ቤት፣ ከፓፓያዋ አጠገብ ዳስ ተጥሎ ይሆናል ተባለ። ዳሱን ሚዛን ጠብቄ ነደፍኩት። እንግዶች ሰንሰለቱን የሚጎበኙበትን መንገድ እንኳን በነጠብጣብ አሰመርኩ።

ልጁ በተወለደ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሽታው መጣ። የቀድሞው ሽታ ለዚህኛው የጥምቀት ሽቶ ነበር። ከክዳኑ ጠርዝ ግራጫ አረፋ ይወጣል፤ ፓፓያዋ ሥር ያለው አሸዋ ረጥቦ ይጨቀያል። ክረሊኑን ሁለት ኩባያ አደረግሁት። ባሰ። ሦስት አደረግሁት። በአሥራ አምስተኛው ቀን የባለቤቴ አክስት ከመጋላ ሰፈር በጋሪ መጣች፤ ከበር ሳታልፍ አፍንጫዋን ያዘች፣ ለማንም ሳትናገር የልጁን ጨርቅ መሰብሰብ ጀመረች። ባለቤቴ ልጁን ታቅፋ ወጣች። አልጮኸችም። ጋሪው ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው የተናገረችኝ።

“አርባ ቀኑ ድረስ ቤቱ ቤት ከሆነ እመጣለሁ። ካልሆነ ክርስትናው አክስቴ ጋ ነው። ከዚያ ወዲያ የት እንደምኖር ያኔ እናያለን።”

ጋሪው የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ሃያ አምስት ቀን ቀርቶኛል።

ባዶ ቤት ውስጥ መቀመጥ እንዴት ይቻላል? መጠርጠር ጀመርኩ። ሽታው ከጉድጓዱ ብቻ አይደለም፣ ቤቱ ራሱ ሸትቷል አልኩ። መጋረጃ አወረድኩ፣ ወለሉን ቦረሽኩ፣ ኩሽና ገብቼ ያገኘሁትን ዕቃ ሁሉ በፈላ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ ገለበጥኩ። ከሥራ ስወጣ ደቻቱን ተሻግሬ መጋላ እሄዳለሁ፤ አክስቲቱ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይታ ከበሩ ውጭ በርጩማ ታስቀምጥልኛለች። ልጄን ከሩቅ ከፍ አድርገው ያሳዩኛል። ተነሥቼ ልጠጋ ስል በርጩማው ይራቃል። ተመልሼ መጥቼ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ አጥሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ እከፍታለሁ።

መጣጩን ብፈልገው ማሽላ ሊያጭድ ጀልዴሳ ወርዷል አሉኝ። አምስት ቀን ጠበቅሁት፤ መጠበቅ ከተባለ። በየማለዳው የበቅሎ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ፊቴን በሳሙና እንደያዝኩ ወደ በር እሮጣለሁ። በሃያኛው ቀን መጣ። ክዳኑን አነሣ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ፣ ቆየ።

“ሞቷል” አለ።

ከዚያ ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን የክረሊን ቆርቆሮዎች አየና ገዳዩንም አገኘው። እኔ ስለ ፓምፕ ሌላ ዙር፣ ስለ ኖራ፣ ስለ ሰፊ ቱቦ ማውራት ጀመርኩ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

“ሚስትህ ሊጥ ስታቦካ ቡሃቃውን እስከ ታች ትጠርገዋለች?”

“አትጠርገውም። ትንሽ ታስቀራለች።”

“ለምን?”

“እርሾ እንዲሆናት።”

“ካለቀባትስ?”

“ከጎረቤት ትለምናለች።”

“ኸላስ፣ አለቀ” አለና አጥሩን አየ።

ገባኝ፤ ግን መግባትና መዋጥ ይለያያሉ። ያቺ ስንዝር ዝቃጭ ከላይ የሚመጣውን የምትበላው፣ የምታሟሟው፣ ዝም የምታሰኘው ናት። እኔ እሷን ጠርጌ አውጥቼ፣ ቤቷን በመድኃኒት አጥቤ፣ ከዚያ በየቀኑ መርዝ ሳጠጣ ከርሜአለሁ። ከሌላ ቦታ አምጣልኝ ብዬ ለመንኩት። በርሜሎቹ ታጥበው ፀሐይ ላይ ናቸው አለ፤ ደግሞም በሰፈሩ የባቡር ነጂውን ያህል በደንብ የተያዘ ጉድጓድ የለም፣ ባለቤቱም ሳይፈቅድ ክዳን አይነሣም። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ በር አንኳኳሁ። ሦስት ቤት ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ሦስቱም አንድ ቃል ነው የመለሱልኝ፦ “ጎረቤትህ አጠገብህ አለ አይደል?”

በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የባቡር ነጂው በረንዳ ላይ ወጣሁ። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጫታቸውን ይዘዋል። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቁኝ፣ ልጁ እንዴት ነው አሉኝ። ለምን መጣህ ያለኝ የለም። እኔ ደግሞ እግሬን አጥፌ መቀመጥ አልችልም፤ አንዱ ሲደነዝዝ ወደ ሌላው እዞራለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ ጉዳዩን ተናገርኩ። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ አርባ ቀኑ። ‘እርስዎ’ እያልኩ፣ ‘ጌታዬ’ እያልኩ፣ ደጋ ላይ ለዳኛ በሚነገር አማርኛ።

ባቡር ነጂው ሰማኝ። ከዚያ ትራሱ ሥር እጁን አስገብቶ ለአራት የታጠፈ አንድ ወረቀት አወጣ። ሹሙ የማመልከቻዬን ግልባጭ ልኮለት ኖሯል።

“አቦ፣ መነጽሬን አላመጣሁም” አለ። “ያንተ ጽሕፈት ነው፤ አንተ አንብብልን።”

አነበብኩ። ምን ላድርግ? “ከአጎራባች ግቢ የሚነሣው መጥፎ ሽታ የእኔንና የነፍሰ ጡር ባለቤቴን ጤና እያወከ ስለሆነ፣ የጎረቤቴ ጉድጓድ እንዲመረመርልኝ፣ ባለጉድጓዱም ስለ ንጽሕና እንዲመከርልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።” ንጽሕና የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ ከጓደኞቹ አንዱ አልሰማሁም ድገመው አለ። ደገምኩት። አንድ ሌላ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀና አማርኛው ግን ያምራል አለ። ሰውየው ከልቡ ነበር፤ እሱ ነው የገደለኝ።

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩለት። ላቤ አገጬ ላይ ደርሷል።

“አጥፍቻለሁ” አልኩት። “ሽታው የእኔ ነበር። ሚስቴንና ልጄን ልመልስ እርዳኝ።”

‘ይርዱኝ’ ማለት ነበረብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን ‘እርዳኝ’ ነው። የመጀመሪያው ‘አንተ’ ነበር። ባቡር ነጂው የያዛትን ቅጠል አስቀመጠ።

“ዕቃ ይዘሃል?”

“አልያዝኩም።”

“ወሪያ፣ አንተ ሰው፣ እርሾ ልትለምን ባዶ እጅህን ትመጣለህ? በል የእኔን ባልዲ ውሰድ። ባዶውን ግን እንዳትመልሰው።”

መጣጩ በማግስቱ ማለዳ ከባቡር ነጂው ጉድጓድ ሥር አንድ ባልዲ ሙሉ ጥቁር ዝቃጭ አወጣ። አስቀድመን ከእኔ ጉድጓድ የሞተውን አረፋ አስመጥጠን፣ በንጹሕ ውሃ ሞልተነው ነበር። መጣጩ ባልዲውን ከአጥር ወዲያ አቀበለኝ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እንደ ጠበል ነው የያዝኩት፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ቀስ ብዬ አፈሰስኩ። ሽማግሌው ክዳኑን ዘግቶ ክረሊኖቹን በሙሉ ጋሪው ላይ ጫነ፤ ወደ ጀልዴሳ ይወስዳቸው እንደሆነ ብጠይቀው ከእጄ እንዲርቁ ብቻ ነው አለኝ። ከዚያም አዘዘኝ፦ ክዳኑን አትክፈት።

ክዳኑን አትክፈት! ለማን ነው የሚነግረው? አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶኛል። አልከፈትኩም፤ ግን ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት በሙሉ ልብሴ፣ በከረባቴ፣ መሬት ላይ ተንበርክኬ ጆሮዬን ክዳኑ ላይ እደፋለሁ። ባቡር ነጂው ፍየሎቹን ሊያወጣ ሲል ያየኛል። “ተወው፣ ይተኛበት” ይለኛል ከአጥር ወዲያ። አፍንጫዬ ደግሞ ከድቶኛል። ከሽታው ጋር ብዙ ስለከረምኩ ይሽተት አይሽተት መለየት አቃተኝ። ስለዚህ የሰው አፍንጫ እበደር ጀመር። በሬ ላይ ቆሜ ጋሪ ነጂዎችን አስቆማለሁ፣ ከልጅነታቸው የሚያውቁትን መንገድ እጠይቃቸዋለሁ፣ እነሱ ሲያስረዱኝ እኔ አፍንጫቸውን አያለሁ። አንዱ ፊቱን አጨማደደ። ቀረብ አልኩት። ከየት ነው የሚሸትህ ብዬ ብጠይቀው፣ ጎንበስ ብሎ ኮቴን አሸተተና “ከአንተ” አለኝ። ኮቱን አጠብኩ።

ባልዲውም ሌላ ጭንቀት ነበር። ጎረቤት የሰጠውን ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ግን በዚያ ባልዲ ምን ይሞላል? ስኳር አሰብኩ፣ ብርቱካን አሰብኩ። ስንት ጊዜ ባጥበው የነበረውን ማን ይረሳል? በመጨረሻ አፈር ሞላሁበትና የሎሚ ችግኝ ተክዬ መለስኩት። ባቡር ነጂው ችግኙን ዞር ዞር አድርጎ አየና አጥሩ ሥር፣ በእኔ በኩል ያለው ጎን ላይ፣ ተከለው። ሲያብብ ለማን እንደሚሸት እያሰበ መሆኑ ገብቶኛል።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ሰማሁት። ጋን ውስጥ ያለ ጠላ ከክዳኑ ሥር እንደሚለው ያለች ትንሽ ድምፅ፤ ትልና ዝም፣ ትልና ዝም። ፓፓያዋ ሥር ያለው አሸዋ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ባቡር ነጂውን ጠራሁት። አጥሩን ዞሮ መጣ፣ እሱም ተንበረከከ፣ ሁለታችንም ጆሯችንን ሲሚንቶ ላይ ደፍተን ፊት ለፊት ተያየን። “ሀዬ” አለ፣ “ነፍስ ዘርቷል።” መጋላ በሩጫ ሄድኩ ብል ውሸት ነው፤ የሮጥኩት እስከ ደቻቱ ድረስ ነው፣ አሸዋው ላይ ጫማዬ ሰጠመብኝ።

ባለቤቴ አላመነችኝም። አምስት ቀን አቆየችኝ። በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በሚነሣበት ሰዓት፣ እሷ ሆን ብላ የመረጠችው ሰዓት ነው፣ ልጁን ታቅፋ ከጋሪ ወረደች። ልጁን ሰጠችኝና ቀጥ ብላ ወደ ጓሮ ሄደች። ክዳኑ አጠገብ ቆመች። አየሩን ሳበች። ዞረች፣ ደግሞ ሳበች። እኔ ልጁን ታቅፌ ከአንድ እግር ወደ ሌላው እዛወራለሁ፤ እሹሩሩ የምለው ልጁን ይሁን ራሴን አላውቅም። ልጁ ተኝቷል።

“እሺ” አለች።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ድግሱ ከነገ ወዲያ ነው፣ ዛሬ ሊጥ ካልተቦካ አይደርስም እያለች ወደ ኩሽና ገባች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተከተልኳት። ቡሃቃው ከማእዘኑ ተገልብጦ ተቀምጧል። አነሣችው፣ ውስጡን አየች፣ ጣቷን ከታች አሳለፈች። እንደ ደረቅ አጥንት ነጭ ነው።

“ይሄንን ማን አጠበው?” አለች።

የጣቶቼን ጥፍር አየሁ። ብቻዬን በቀረሁ ጊዜ ያገኘሁትን ሁሉ በፈላ ውሃ ሳጥብ፣ ከቡሃቃው ሥር የቀረችውን ኮምጣጣ ነገር ‘ይኸው ሽታው’ ብዬ በጥፍሬ ፍቄ እንዳወጣኋት ትዝ አለኝ። ባለቤቴ አየችኝ፤ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ብዬ ልደርስላት ስል ፊቷን አየሁት። ከወለደች ጀምሮ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

“ሂድ” አለችኝ እንባዋን እየጠረገች፣ ልጁን ከእጄ ወስዳ። “ዕቃ ይዘህ ሂድ።”

አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዤ አጥሩን ዞርኩ። ባቡር ነጂው በረንዳው ላይ ከጓደኞቹ ጋር ነው። ከደረጃው ሥር ቆምኩ፤ ሳህኑን ከኋላዬ ደብቄ ነበር፣ አሁን ወደ ፊት አመጣሁት።

“እርሾ ቸግሮን ነበር” አልኩ።

ጫቱን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። ሳህኑን አየ። እኔን አየ።

“የትኛውን?” አለኝ።